እጃቸው ላይ የተቀመጡ ወላጆች

የእህቴ የመጀመሪያ የሆስፒታል ካርድ የተከፈተው ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሲሆናት ነው። እኔ ዛሬ የዚያው ሆስፒታል የካርድ ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ፣ አሮጌ ካርዶች ወደተከመሩበት ምድር ቤት ወርጄ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ አንዱን ጥጉን ብል በልቶታል። "የግራ እጅ የመሃል ጣት፣ ሁለት ቦታ ስብራት። ምክንያት፦ ወድቃ" ይላል።

አልወደቀችም።

አባታችን ሰዓት ሠሪ ነበር። የሚሠራው ቤታችን ውስጥ፣ መንገዱን በሚያየው የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው። እህቴን እኔ እታለም ነው የምላት፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ዓይኗ ጥሩ፣ ጣቷ ቀጭን ስለነበር ገና በስድስት ዓመቷ አጠገቡ አስቀምጦ ሥራ ያስተምራት ጀመር። የሚያስተምረው በብረት ማስመሪያ ነው። ብሎን ከጣቷ ካመለጠ በማስመሪያው ጠፍጣፋ ጎን፣ ተንከባልሎ መሬት ከወደቀ ደግሞ በጠርዙ። አይቆጣም፣ አይጮኽም፣ ጠጥቶም አያውቅም። "እጅሽን አምጪ" ይላታል፤ ታመጣለች። ያን ቀን የወደቀው ብሎን የጉንዳን ጭንቅላት አያክልም። በጠርዙ ሦስት ጊዜ መታት። በሁለተኛው ላይ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል እኔም ሰምቻለሁ፤ እሱም ሳይሰማ አይቀርም፤ ሦስተኛውን ግን አልማራትም። ከዚያ "አሁን ፈልጊው" አላት። በጉልበቷ እየዳኸች ወለሉን በቀኝ እጇ ዳብሳ አገኘችው፤ ቦታው መለሰችው፤ አጠበቀችው። ሐኪም ቤት የወሰዳት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ጣቷ እስክትሞት ድረስ አልታጠፈም።

እኔን የመታኝ አራት ጊዜ ብቻ ነው። ጠረጴዛው አጠገብ መድረሱን ትቼ ወደ መጽሐፍ ስለሸሸሁ ተረፍኩ። እታለም አልሸሸችም። ሰውየውን ትጠላው ነበር፤ ሥራውን ግን እንደ ነፍሷ ትወደው ነበር። አባታችን ሲሞት ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። አልቅሳ አላየኋትም። በማግሥቱ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ በጋዝ አጥባ በጨርቅ ጠቀለለች፤ የብረት ማስመሪያውን ብቻ አውጥታ ብረት በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረችውና በመጋዝ አራት ቦታ ቆረጠችው። ቁርጥራጩን ቆሻሻ ውስጥ ስትጥል መዳፏ እየደማ ነበር።

ከሙያ ትምህርት ቤት ወጥታ ዘጠኝ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስትጠግን ቆየች። ከዚያ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የቤተ ሙከራ ጠባቂ ሆና ተቀጠረች። ጠባቂ ማለት እውነትም ጠባቂ ነው፤ አራት ማይክሮስኮፖች የተቆለፈባቸውን ቁም ሣጥን ቁልፍ ትይዛለች፣ አለቀ። ይሰበራል ተብሎ ልጅ ነክቶት አያውቅም። እሷ በሁለተኛው ሳምንት ከፈተችው።

በዚያው ዓመት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከማይክሮስኮፖቹ አንዱን መሬት ላይ ጣለው። ያን ቀን ከሥራ እንደወጣሁ እቤቴ መጣች። ካፖርቷን አላወለቀችም።

"ዛሬ ልጅ መታሁ" አለችኝ።

"ምን ብሎሽ?"

"ምንም አላለኝ። እጄ ቀደመኝ።"

"በጥፊ ነው?"

"በጥፊ። አፍንጫው ደማ። ታውቂያለሽ ምን አደረገ? ሌላኛውን ጉንጩን አዘጋጀ። ለምዷል ማለት ነው።"

"ሻይ ላፍላልሽ?"

"አትጠጊኝ" አለችና ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። ሻዩን አፍልቼ አቀረብኩላት፤ ቀዘቀዘ። የራሴን ጠጥቼ ስጨርስም ከእጇ ላይ አልተነሳችም።

የቅዳሜው ትምህርት የተወለደው ከዚህ ነው እንጂ አንዳንዶች እንደሚሉት ከውጭ ከመጣ መጽሐፍ አይደለም። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ልጆች፣ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር አንድ አዋቂ። ያረጀ ቴፕ ፈተው ሞተሩን ያወጣሉ፤ ከቆርቆሮ እንስሳ ቆርጠው ቀለም ይቀቡታል፤ ሽቦና ባትሪ አገናኝተው ያስኬዱታል። ኤሌክትሪኩን፣ ብረቱንና ሥዕሉን ለያይታ አታስተምርም ነበር። "ሞተሩ የት እንደሚገባ የማያውቅ ሰው ዝሆን ሲስል ሆዱን ያሳንሰዋል" ትላለች።

ደንቧ ሁለት ነው፤ በየዙሩ መጀመሪያ ቀን ቆማ ትናገረዋለች። አንደኛ፣ አዋቂው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሁለት መዳፎቹን ከጭኑ ሥር ያስገባል፤ መጠየቅ ይችላል፣ መንካት አይችልም። ሁለተኛ፣ የመታ ይወጣል፤ ተመልሶ አይገባም። "እኔም ብሆን" ትላለች መጨረሻ ላይ። ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ወላጆቹ እትዬ ብሎን ይሏት ነበር፤ ኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ ብሎን ይንቃጨላል።

"እትዬ ብሎን" ይላታል አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር፣ "እኔ ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጬ፣ እጄ ላይ ስቀመጥ ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለኝ።"

"ውረድና ልጅህ ትንዳው።"

"እኔስ ተመችቶኛል" ትላለች ልብስ ሰፊዋ። "በሳምንት አንዴ እጄ የሚያርፈው እዚህ ነው። ልጄ ሽቦ ስታጣምም ሳይ ግን ከሥሬ ሊያመልጠኝ ይደርሳል።"

"ክብደት ጨምሪበታ!" ይላታል ሹፌሩ።

"ምኔ ቀሎህ?"

በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው አስወጥታለች። አንዱ የልጁን ጆሮ የቆነጠጠ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። አንዷ የልጇን ጎን በክርኗ የወጋች ነርስ ናት። ሦስተኛው የልጅ ልጃቸውን አናት በተጠቀለለ ጋዜጣ የመቱ ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። "አርባ ዓመት ሰው ሳስወጣ ኖሬ ዛሬ እኔን ሰው ያስወጣኝ?" አሉ። "አዎ ጋሼ፣ በሩ በዚህ በኩል ነው" አለቻቸው። ሦስቱም ልጆች በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአክስት ወይም ከታላቅ ወንድም ጋር መጥተዋል። ልጅ ያለ አዋቂ አይገባም፤ ይህን ያወጣው ትምህርት ቤቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ያስቸገረው ሰው አልነበረም።

በሰባተኛው ዓመት በያጁ መጣ። የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ በሥራው የተመሰገነ ሰው ነው። ልጁ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ ስለማትረጋ ልጆቹ ቁንጫ ይሏታል። እታለም ስለ እሷ የነገረችኝ የመጀመሪያው ቅዳሜ ዕለት ነው። "እንዲህ ያለች ልጅ አይቼ አላውቅም" አለችኝ። "ብረቱን ሳትነካው በፊት ታዳምጠዋለች።" ቁንጫ ፌንጣ ልትሠራ ነበር፤ ሞተሩ ሲዞር የኋላ እግሮቹ ተወርውረው የሚዘል የቆርቆሮ ፌንጣ።

በያጁ ለመዳፎቹ ቦታ አጣላቸው፤ ጣቶቹ ከጭኑ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። ሁለት ቅዳሜ ቻለ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቁንጫ ቆርቆሮውን ጠማማ ቆረጠች። መዳፉን አወጣና ከኋላ አናቷን መታት፤ ግንባሯ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። አላለቀሰችም። መቀሱን አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

እታለም ከመካከላቸው ገብታ ቆመች። "ይውጡ።"

"ምን አሉ?"

"ደንቡን ሰምተዋል። ይውጡ።"

"ልጄ ናት እኮ! ከጠማማ ሥራ ላርማት ነው። እርስዎ ልጅ የለዎትም፣ ምን ያውቃሉ?"

"የለኝም። ይውጡ።"

የልጅቷን አንጓ ጨብጦ ጎተታት። ቁንጫ በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እታለም ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ ለጎረቤት እንደምትነግር አዋቂ "እባክሽ ከእሱ ጋር አታስወጪኝ" አለቻት። እታለም ሰምታታለች። ደንቡ ግን ደንብ ነበር፤ ሌላ አዋቂ ይዛ ትመጣለች ብላ አሰበች። ሌላ አዋቂ አልነበራትም። እናቷ የእኛ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተረኛ ነች።

ሰኞ ጠዋት ካርዱ በእኔ ጠረጴዛ አለፈ። "የቀኝ ክንድ፣ የታችኛው አጥንት ስብራት። ምክንያት፦ ከደረጃ ወድቃ።" ዕድሜዋን፣ ትምህርት ቤቷን አየሁ፤ ቁንጫ ናት። ከዚያ በፊት ካርዱ ላይ ሁለት መዝገብ አለ፤ አንዱ የጎድን አጥንት፣ አንዱ የጥርስ። ሁለቱም "ወድቃ" ይላሉ። ልብስ ማጠቢያው ወርጄ እናቷን አገኘኋት። እንፋሎቱ ፊቷን አልብሶታል።

"ቤታችሁ ደረጃ አለው?" አልኳት።

"ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው" አለች። ከዚያ አንሶላውን ወደ ማሽኑ ከተተች። "ደረጃ ብለሽ ጻፊ፤ በእናትሽ።"

የታካሚ ካርድ ላይ ያለውን ለሌላ ሰው መንገር ከሥራ ያስባርራል፤ ደንቡን ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። ለእታለም ነገርኳት። በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ፖሊስ እናትየውን ጠራ፤ እናትየው ወድቃ ነው አለች፤ ፋይሉ ተዘጋ። በያጁ ሚስቱ ጣቢያ መጠራቷን ሲሰማ ያን ሳምንት ማንን እንደመታ ካርድ ላይ አልተጻፈም፤ እናትየው ግን ለአራት ቀን ሥራ አልገባችም።

በቀጣዩ ሳምንት ረቡዕ ዕለት እታለም እኔ ጋ መጣች። "ልመልሰው ነው" አለችኝ።

"ማንን?"

"በያጁን።"

"እብድ ነሽ? የመታ አይመለስም ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ዛሬ ለእሱ ከተውሽው ነገ ምን ይዘሽ ትናገሪያለሽ?"

"ስሚኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲሆን ሁለት ሰዓት እጁ ላይ ይቀመጣል። ቤቱ ውስጥ እጁ ላይ የሚያስቀምጠው ማን አለ? ባስወጣሁት ቁጥር የሚሰበረው የእሷ አጥንት ነው። ደንቤ ልጅቷን እየመታ ነው።"

"ቢደግመውስ?"

"እኔ አለሁ።"

"ይሄ ነው የሚያስፈራኝ" አልኳት። ይህን ማለቴን አስታውሳለሁ። ደብዳቤ ላይ እንዳለ ቃል አስታውሰዋለሁ።

እንዴት እንዳግባባችው የማውቀው ራሷ ከነገረችኝ ነው። ቤተ ብየዳው ድረስ ሄዳ፣ እሳቱ እየተፈናጠረ፣ መነጽሩን እስኪያነሳ ቆመች። "ልጅህ ከአንተ የወረሰችው ዓይን አላት" አለችው። "ከእኔ የምትማረው ጥቂት ነው፤ አንተ ጥያቄ መጠየቅ ብትለምድ ግን ከአንተ ብዙ ትማራለች።" እውነትም፣ ሽንገላም ነበረበት። ሰውየው ለልጁ ዓይን ሲመሰገን የመጀመሪያው ነው መሰል፣ ፊቱ ተፈታ። ቅዳሜ መጣ።

አምስት ቅዳሜ ሰላም ሆነ። ቁንጫ ቀኝ ክንዷ በጄሶ እንደታሰረ በግራዋ ሠራች። በያጁ እጁ ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ራሱ ያመጣባትን ነጭ ጄሶ እያየ፣ መጠየቅ ተማረ። "ያ ሽቦ ለምን ረዘመ?" ይላታል። "እግሩ እንዲርቅ" ትለዋለች። "ሲርቅስ ምን ይነካል?" ታስባለች። ልብስ ሰፊዋ እንደምትለው በአራተኛው ቅዳሜ ሰውየው ስቋል። እታለም ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ስልክ ደውላ "ሳቀ እኮ!" አለችኝ፣ ሕፃን በእግሩ ሄደ እንደሚባለው።

ቀጥሎ ያለውን እኔ አላየሁም። የጻፍኩት አሥራ አንዱ ወላጆች ለፖሊስ ከሰጡት ቃል ነው፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

የማሳያው ቀን ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ሥራቸውን ያሳያሉ፤ አዋቂዎቹ ግድግዳ ግድግዳውን በተደረደሩት አግዳሚዎች ላይ እጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዝሆን ኩምቢውን አነሳ፤ ተጨበጨበለት። ማጨብጨብ የተፈቀደው ለልጆቹ ብቻ ስለሆነ አዋቂዎቹ እግራቸውን ወለሉ ላይ ይመቱ ነበር። የቁንጫ ተራ ደረሰ። ጄሶው ከወጣላት አራተኛ ቀኗ ነው። አረንጓዴው ፌንጣ ሁለት ጊዜ ዘለለ፤ በሦስተኛው እግሩ ተይዞ ቀረ፤ የጋለ ሽቦ ሸተተ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ አየሁት" አለች ቁንጫ። ጎንበስ አለች።

"ሽቦውን ሳቢው" አለ በያጁ።

"አይደለም አባዬ፣ አየሁት።"

"ሳቢው አልኩሽ!"

ሹፌሩ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ስለ ሳቁ በኋላ መርማሪው ፊት አልቅሷል። በያጁ ግን የተሳቀበት መሰለው፤ ተነሳ። እጆቹ ከሥሩ ሲወጡ በሙሉ ቀልተው ነበር። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ቆርቆሮ የሚለካበት የብረት ማስመሪያ አለ። አነሳው።

"እጅሽን አምጪ" አላት።

አመጣች። ገና የዳነውን። በጠርዙ መታት፤ ደሟ ፌንጣው ላይ ተረጨ። ደግሞ አነሳው።

እታለም ከክፍሉ ማዶ፣ ከሰባት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ነበረች። እንዴት እንደደረሰች ያየ የለም። መዶሻውን ከየትኛው ጠረጴዛ እንዳነሳችው የሚያውቅ የለም። በያጁ ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ነበር። መዶሻው ቀኝ አንጓው ላይ ሲያርፍ ድምፁ እንጨት ሲሰነጠቅ ይመስል ነበር ይላሉ። ማስመሪያው ወደቀ። ሰውየው መጀመሪያ አልጮኸም፤ እጁን አየው፤ ጣቶቹ ወደማያመለክቱበት ያመለክቱ ነበር። ከዚያ እንደ በሬ አጓራ። በግራ እጁ ፀጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ መታው፣ ሁለት ጊዜ መታው። አፍንጫዋ ተሰበረ። በአውራ ጣቷ ዓይኑን ፈለገች፤ ነከሳት፤ ነከሰችው። ፌንጣው ተረገጠ። "ገደልኩሽ! ቤቴን ፖሊስ ያስደፈርሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ!" ይላል። ወንበር ወደቀ፣ ባትሪዎች ተንከባለሉ፣ ልጆች ጠረጴዛ ሥር ገብተው ይጮኻሉ። ወርውሮ ሲገፋት ወደ ኋላ ሄዳ ጠረጴዛው ጥግ ላይ በታሰረው ሞርሳ እጀታ ላይ በጆሮ ግንዷ ወደቀች።

ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ነው። በዚያ አንድ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ አዋቂዎች፣ ከእነሱ ስድስቱ ወንዶች፣ አንዱ የቀድሞ ቦክሰኛ፣ አልተነሱም።

መርማሪው ሁሉንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቋቸዋል፤ ለምን?

"እንዴት እንደምነግርዎት አላውቅም" አለ ሹፌሩ። "እጄ ላይ ተቀምጬ ነበር።"

"እትዬ ብሎን ተነሱ እስክትለን እየጠበቅን ነበር መሰለኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እዚያ ክፍል ውስጥ ነገር ሲበላሽ ዝም ብለን ማየት ነው የለመድነው። ይበላሽ፣ እነሱ ያስተካክሉት፣ ትለን ነበር። እጄ ከሥሬ ሊወጣ ፈልጓል፤ እምልልዎታለሁ፤ እኔ ግን ጫንኩት።"

ቦክሰኛው የቀረውን ሁሉ ተናግሮ እዚህ ጥያቄ ላይ አቆመ። ከጥያቄው ሥር ያለው ፊርማው ብቻ ነው።

የተነሱት እሷ ስትወድቅ ነው። ሲነሱ ደግሞ አብረው ተነሱ። በያጁን መሬት ላይ ጥለው ምን እንዳደረጉት ቃላቸው ላይ ተለሳልሶ ነው የሰፈረው፤ የእሱን ካርድ ግን እኔ ነኝ የከፈትኩት። ከተሰበረው አንጓ ሌላ አራት ጎድን፣ ሁለት ጥርስ፣ የመንጋጋ አጥንት፣ የግራ እጅ ሁለት ጣቶች። ልጆቹ ጠረጴዛ ሥር ሆነው ይህንንም አይተዋል።

እታለም ስድስት ቀን ኖረች። አልነቃችም። ካርዷ ላይ "ምክንያት" የሚለው መስመር ጋ ስትደርስ ጸሐፊዋ "ምን ልበል?" ብላ ጠየቀችኝ። ብዕሩን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩት። ሙሉውን ጻፍኩት፤ መስመሩ አልበቃኝም፤ ወደ ኅዳጉ አለፍኩ።

በያጁ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ጠበቃው መዶሻውን ደጋግሞ አነሳ፤ "ደንበኛዬ ራሱን ነው የተከላከለው" አለ። አሥራ አንዱም ምስክሮች አንድ ቃል ተናገሩ፤ ማስመሪያውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳ አንድ ጊዜ መታችው፣ ልጅቷን ለማዳን፣ ማስመሪያው ወደቀ፣ ከዚያ እሱ ተነሳባት። ፍርድ ቤቱ ይህን ተቀበለ። እናትየው በችሎቱ ቆማ፣ ቤቷ ደረጃ እንደሌለው በሰው ፊት ተናገረች።

ትምህርት ቤቱ ክፍሉን ከሰባት ወር በኋላ ሲከፍት ስለ እህቴ ሕይወት የሚነበብ ጽሑፍ ጻፊ አለኝ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ከጻፍኩ በኋላ፣ ስለ ልጅቷ የጻፍኩትን ልጅቷ ሳትሰማው መተው ልክ ስላልመሰለኝ ወደ እነሱ ሄድኩ። አሁን የሚኖሩት ከፍርዱ በኋላ ከክፍለ ሀገር ከመጣችው የእናትየዋ እህት ጋር ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ሰፊ መስኮት። ቁንጫ አድጋለች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ላይ ጠባሳ አለ፤ እጇ ግን ይሠራል፤ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ የግድግዳ ሰዓት ነበር፤ ብሎኖቹን በሳህን ላይ በመጠናቸው ደርድራቸዋለች። እናትየው ልብስ እያጠፈች፣ እኔ ለቁንጫ አነበብኩላት። አባቷ ስለሳቀበት ቅዳሜ ስደርስ አንገቷን ደፋች። ስለ ውጊያው ስደርስ ቀና አለች።

"ስንት ጊዜ መታችው ብለው ነው የጻፉት?" አለችኝ።

"አንድ ጊዜ።"

"ሁለት ጊዜ ነው።"

እናትየው እጇ ልብሱ ላይ ቆመ። "አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ስሚ።"

"ሁለት ጊዜ ነው እማዬ። እኔ ነበርኩ አጠገባቸው። አንደኛው ሲመታኝ ነው፤ ማስመሪያውን ጣለው። ከዚያ አባዬ እጁን እንዲህ ይዞ ነበር፣ እያየው።" የግራ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "ይሄኛውን ተደግፎበት ነበር። ይሄኛውን መታችው። በእሱ ምንም አልያዘም ነበር።"

የበያጁን ካርድ አስታወስኩ። የግራ እጅ፣ ሁለት ጣቶች፣ የተፈረከሰ። ወላጆቹ ሲረግጡት ነው ብዬ ነበር፤ ቃላቸውን ሳነብም፣ ካርዱን ስከፍትም እንዲያ ነው ያልኩት።

"ለዳኛው ለምን አልነገርሽም?"

"አልጠየቁኝም። ሕፃን ናት አሉ።"

"እትዬ" አለችኝ እናትየው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ተይው። እህትሽ እኮ ናት። የሞተችው ለእኛ ብላ ነው። ማን ያያል?"

ብዕር አውጥቼ "አንድ ጊዜ" የሚለው ላይ ሰረዝኩ። ቁንጫ እጄን እያየች ነበር።

"ስትመታው ምን ትመስል ነበር?" አልኳት። ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም።

አሰበች። ለመዋሸት የምታስብ ልጅ አይደለችም፤ ለማስታወስ ነው።

"ወደ እሱ አላየችም" አለች። "እኔን ነበር የምታየው። ‘እጅሽን ሰብስቢ’ አለችኝ። ከዚያ መታችው።"

ሁለት ጊዜ መታችው። በሁለተኛው ላይ ሰውየው ባዶ እጁን ነበር።